ጥምቀት ላይ የተዘራ ዚኒያ፦ በሚኒሶታ ብርድ የአበባ ዘር ቤት ውስጥ መቼ ይዘራል?

ጉዳዩ የአንዲት እናት ነው። የሚኖሩት አሜሪካ ውስጥ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። ስማቸውን እተወዋለሁ። ድሮም የምጠራቸው እማማ ብዬ ስለሆነ እዚህም እንደዚያው ልቀጥል። ያደጉት ጎጃም ነው። የበርበሬ ችግኝ መደብ ላይ አፍልተው፣ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ሲያዛውሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ችግኝ ማፍላትን ማንም አያስተምራቸውም። የከበዳቸው ጊዜው ነው። እዚያ ችግኝ የሚዛወረው ዝናቡ ሲፈቅድ ነው። ሚኒሶታ ላይ ግን ፈቃድ የሚጠየቀው ውርጩ ነው።

እማማ የፈለጉት ነገር ግልጽ ነበር። አንደኛ፣ በረዶው ቀልጦ ሰው ወደ ውጭ መውጣት ሲጀምር ደጃፋቸው ላይ አበባ እንዲኖር። ሁለተኛ፣ ለእንቁጣጣሽ ልጆቹ የሚይዙት ቢጫ አበባ ከራሳቸው ጓሮ እንዲቆረጥ። «ዘሩን ቤት ውስጥ የምዘራው መቼ ነው?» ሲሉ የጠየቁኝም ለዚህ ነው። ከዚህ በታች ያለው በሁለት ዓመት ውስጥ የሆነው ነው። መልሱ አንድ ቀን እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ልናገር። እያንዳንዱ አበባ የራሱ ቀን አለው። ብርድ አገር ብዙ ሰው ዘሩን የሚያከስረውም ዘግይቶ ሳይሆን ቀድሞ በመዝራት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት

ጃንዋሪ ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እማማ የገዙትን ፓኬት ሁሉ በአንድ ቀን ዘሩት። ፔቱኒያ፣ ፓንዚ፣ ሜሪጎልድ፣ ዚኒያ፣ ኮስሞስ፣ የሱፍ አበባ። ምክንያታቸው የብዙ ሰው ምክንያት ነው። ብርዱ ረጅም ነው፣ ሰመሩ አጭር ነው፣ ቀድሞ የጀመረ ቀድሞ ያብባል።

አፈሩን ያመጡት በረንዳ ላይ ከከረመ አሮጌ ሳክሲያ ነው። የእርጎ ኩባያ ቂጡን በስተው ሞሉት። ዘሩን ሁሉ፣ ትልቁንም ትንሹንም፣ ግማሽ ጣት ያህል ቀበሩት። ከዚያ ኩባያዎቹን ኩሽና ውስጥ፣ ወደ ደቡብ በሚያየው መስኮት ደፍ ላይ ደረደሯቸው። ከመስኮቱ ስር ሂተር አለ። ሙቀትም ፀሐይም በአንድ ቦታ ተገኘ ማለት ነው። እንደዚያ ይመስል ነበር።

ዚኒያው፣ ሜሪጎልዱና ኮስሞሱ ሳምንት ሳይሞላቸው ብቅ አሉ። የሱፍ አበባውም ተከተለ። ፔቱኒያና ፓንዚ ግን ድምፃቸው ጠፋ። እማማ ዘሩ የድሮ ነው ብለው ተውት።

ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ የበቀሉት መመዘዝ ጀመሩ። ግንዳቸው ቀጥኖ ረዘመ፣ ቅጠላቸው ገረጣ፣ ሁሉም ወደ መስታወቱ ተጋደመ። እማማ ኩባያውን ያዞሩታል፣ በማግስቱ ተመልሶ ይጋደማል። ከዚያ ደግሞ አንዳንዱ ከስር መውደቅ ጀመረ። ማታ ቆሞ የነበረ ቡቃያ ጠዋት አፈሩ ላይ ተኝቶ ይገኛል። ጠጋ ብሎ ላየው ሰው፣ ግንዱ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ውሃ የቋጠረ መስሎ ጠቁሮ ሰልስሏል። ከላይ ያለው ቅጠል ገና አረንጓዴ ነው። እንዲህ ከሆነ በኋላ የሚድን ቡቃያ አላየሁም።

የተረፉት ማርች መጨረሻ ላይ ኩባያውን በሥር ሞሉት። ዚኒያው እዚያው ኩባያው ውስጥ እምቡጥ ያዘ። ውጭ ገና በረዶ ነው።

ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሚኒሶታ የምታታልለውን ቀን አመጣች። ሙቀቱ 70 ዲግሪ ፋራናይት፣ ወደ 21 ሴልሺየስ ገባ። ሰፈሩ ሁሉ በቲሸርት ወጣ። እማማም ችግኞቹን አውጥተው ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አዋሏቸው። ማታ ቅጠሉ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቶ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ውርጭ ወረደ። ውጭ የቀረው ኮስሞስና የሱፍ አበባ ጠዋት ጠቁሮ ተገኘ። እኔን የጠሩኝ ይሄኔ ነው። ቤት ውስጥ የቀሩትን ጥቂት ዚኒያና ሜሪጎልዶች ሜይ መጨረሻ ላይ ጓሮ ተከልናቸው።

የዚህ ጉዳይ ዋና ማስረጃ የተገኘው ግን ካልታሰበበት ነው። በዚያው ሰሞን እማማ ፓኬቱ ውስጥ የቀረውን ትንሽ የዚኒያ ዘር፣ በብስጭት ይመስለኛል፣ አጥሩ ስር በተኑት። አፈሩን በእግራቸው መለስ አድርገው፣ አንዴ ውሃ ካጠጡት በኋላ ረሱት።

ጥምቀት ላይ የተዘሩት ዚኒያዎች ጁን ላይ አንዳንድ ትንንሽ አበባ አወጡና ቆሙ። ቁመታቸው ከጉልበት አላለፈም፣ አዲስ ቅርንጫፍም አላበጁም። ጁላይ መጨረሻ ላይ አጥሩ ስር የተበተኑት አበቡ። ኦገስት ላይ ወገብ ደረሱ። ቅርንጫፋቸው ብዙ፣ አበባቸው ትልልቅ፣ በቆረጧቸው ቁጥር የሚጨምሩ ሆኑ። አራት ወር ቀድሞ የተዘራውን፣ መሬት ላይ የተበተነው ጥሎት ሄደ። እማማ ቆመው አዩትና «ታዲያ እነዚያን ያን ሁሉ ወር ምን አለፋኝ?» አሉኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ከብርሃኑ ልጀምር። ሴንት ፖል ያለችው 45 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ቀኗም ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። ሴንት ፖል ላይ ግን ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ያለው 9 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ከ13 ሰዓት ያልፋል። ጃንዋሪ ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። ከብዙ ደመና፣ ከመስታወትና ከጎረቤት ግድግዳ ተርፋ የምትገባው ትንሽ ናት። የሰው ዓይን ስለሚለምድ ክፍሉ ብሩህ ይመስለዋል። ተክሉ ግን አይለምድም። ብርሃን ሲያንሰው ጉልበቱን ሁሉ ወደ ግንድ ያደርገዋል፣ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል።

ሙቀቱ ደግሞ ነገሩን አባባሰው። ዘር ለመብቀል ሙቀት ይወዳል። አብዛኛው የሰመር አበባ አፈሩ ከ70 እስከ 75 ፋራናይት፣ ማለትም ከ21 እስከ 24 ሴልሺየስ ሲሆን ደስ ብሎት ይበቅላል። ከበቀለ በኋላ ግን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይሻለዋል። ሂተር ላይ የተቀመጠ ቡቃያ በሙቀት ይሮጣል፣ ለሩጫው የሚሆን ብርሃን ግን የለውም። የእማማ መስኮት የሆነው ይሄ ነው። ሌሊት ደግሞ ሂተሩ ቀነስ ሲል መስታወቱ አጠገብ ያለው አየር ይበርዳል፤ ቡቃያው ቀን ይቃጠላል፣ ሌሊት ይንዘፈዘፋል።

ፔቱኒያ ያልበቀለው ዘሩ አርጅቶ አይደለም፣ ተቀብሮ ነው። የፔቱኒያ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ አፈር ላይ ይጣላል እንጂ አይሸፈንም። ፓንዚ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ ሙቀት ሲበዛበት እምቢ ብሎ ይተኛል። ሁለቱን አንድ ዓይነት አድርጎ አንድ ሂተር ላይ ማስቀመጥ ሁለቱንም ማጣት ነው።

ከስር ሰልስለው የወደቁት በአፈር ወለድ ሻጋታ ነው። ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የሚባሉት ዋነኞቹ ናቸው። ያገለገለ አፈር፣ ከላይ የሚፈስ ብዙ ውሃ፣ የማይንቀሳቀስ አየር፣ እነዚህ ከተገናኙ ይመጣሉ። መድኃኒት ከመፈለግ በፊት አፈሩን መቀየር ነው። ዘር ማፍያ ተብሎ የሚሸጠው ቀላል አፈር፣ በብዛት ከፒት ሞስና ከፐርላይት የሚሠራው፣ ለዚህ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር እዚህ ጋ ልጨምር። ሰው «ዞንህ ስንት ነው?» ይባባላል። መንታ ከተሞቹ፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ በ2023 በወጣው የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ካርታ ላይ 4ቢ እና 5ኤ ናቸው። ያ ቁጥር የሚናገረው በበረዶው ወቅት ብርዱ እስከ ስንት እንደሚወርድ ነው። ዛፍ ወይም ከዓመት ዓመት የሚቆይ ተክል ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል። ዘር መቼ እንደሚዘራ ግን አይነግርም። ለዚያ የሚያስፈልገው የአካባቢው የመጨረሻ የውርጭ ቀን ነው።

ከልደታ ወደኋላ መቁጠር

የመንታ ከተሞቹ አትክልተኞች ብዙዎቹ የሚይዙት ቀን ሜይ 15ን ነው። ከተማው መሀል ውርጩ ቀደም ብሎ ይወጣል፣ ዳር ዳር ያሉት ሰፈሮችና ረባዳ ጓሮዎች ላይ ይዘገያል። አማካይ ቀን ማለት ዋስትና ማለት እንዳልሆነም ማወቅ ደግ ነው። አንዳንድ ዓመት ከዚያ በኋላም ውርጭ ይመጣል።

ይህን ለእማማ ሳስረዳ በጣታቸው ቆጠሩና «ታዲያ ልደታ ካለፈች በሳምንቷ አትይኝም?» አሉ። ልክ ናቸው። ግንቦት ልደታ ሜይ 9 ላይ ናት፣ ሜይ 15 ግንቦት 7 ነው። ከዚያ በኋላ ቀኑን አልረሱትም። እኔም ለሌላ ሰው ስነግር እንዲህ ብዬ ነው የምነግረው። ሁዳዴና ፋሲካ ከዓመት ዓመት ስለሚዘዋወሩ ለዘር ምልክት አይሆኑም። ልደታ ግን ባለችበት ናት።

ከዚህ ቀን ወደኋላ ነው የሚቆጠረው። ፓኬቱ ጀርባ ላይ «ከመጨረሻው ውርጭ ይህን ያህል ሳምንት በፊት» ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽንም (ለገበሬና ለአትክልተኛ ምክር የሚሰጠው ክፍል) ለየአበባው የሚዘራበትን ጊዜ አውጥቷል፤ ሰው ገብቶ ሊያየው ይችላል። እኛ ለሁለተኛው ዓመት ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፍነው ወረቀት ፓንዚን ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ አስቀመጠው፣ ምክንያቱም ፓንዚ ቀላል ውርጭ ስለሚችል ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሊወጣ ነው። ፔቱኒያና ስናፕድራገን 10 ሳምንት ያህል ይፈልጋሉ፣ ማርች የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዋሉ። ሜሪጎልድ 6 ሳምንት ይበቃዋል፣ ኤፕሪል መግቢያ ላይ ገባ። ዚኒያና ኮስሞስ 4 ሳምንት ብቻ፣ ስለዚህ ኤፕሪል 17 አካባቢ። የሱፍ አበባን ከወረቀቱ ሰረዝነው። ሥሩን ቶሎ ወደ ታች ስለሚሰድ መነካካት አይወድም፣ ቤት ውስጥ ቦታ የሚይዝበት ምክንያት የለም።

እማማ ወረቀቱን አይተው ጃንዋሪ ላይ ምንም ነገር አለመኖሩ ቅር አላቸው። ጥምቀት ላይ እጃቸው ያሳክካቸዋል። ይህን ስሜት ብርድ አገር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ውጭው ነጭ በነጭ ሆኖ አንድ አረንጓዴ ነገር ማየት ያምራል። ለዚህ ግን መልስ አለ፣ እዚያው ሚኒሶታ ብዙ ሰው የሚያደርገው። ብርሃን የሚያሳልፍ ባለ አንድ ጋሎን የወተት ጀሪካን ወገቡ ላይ ተቆርጦ፣ ቂጡ ተበስቶ፣ አራት ጣት ያህል እርጥብ አፈር ይገባበታል። ዘሩ ይዘራል፣ ጀሪካኑ በፕላስተር ይዘጋል፣ ክዳኑ ይወልቅና ውጭ በረዶ ላይ ይቀመጣል። የሚዘራው ግን ብርድ ካልነካው በደንብ የማይበቅል ዘር ነው። የሞናርክ ቢራቢሮ የምትመገበው ሚልክዊድ እንዲህ ያለ ነው፣ ኤኪናሲያም ብርዱ ይረዳዋል። በረዶው ሲቀዘቅዝና ሲቀልጥ የዘሩ ቅርፊት ይላላል፣ ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይበቅላል። እማማ ጃንዋሪ ላይ ሁለቱን ዘሩና ደረጃው ሥር አስቀመጧቸው። ኩሽናው ባዶ ሆኖ ቆየ።

ብርሃኑን ወደ ቤዝመንት አወረድነው። ጋራዥ ውስጥ የሚሰቀለው አራት ጫማ ርዝመት ያለው ተራ የኤልኢዲ መብራት ነው የተገዛው፣ «የተክል መብራት» ተብሎ በእጥፍ የሚሸጠው አይደለም። ሁለቱን ጎን ለጎን መደርደሪያው ላይ በሰንሰለት ሰቀልናቸው። ሰንሰለቱ የግድ ነው፤ መብራቱ ከቡቃያው አናት ከሦስት አራት ጣት በላይ መራቅ የለበትም፣ ተክሉ ባደገ ቁጥር መብራቱ ከፍ ይላል። በታይመር ከጠዋቱ 12 ሰዓት በርቶ ማታ 4 ሰዓት ይጠፋል፣ 16 ሰዓት ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማብራት አይጠቅምም። ቤዝመንቱ ከ62 እስከ 65 ፋራናይት ነበር፣ ለበቀለ ችግኝ የሚስማማ። ያልበቀለው ዘር ግን ይበርደዋል፤ ለሱ ከትሪው ስር የሚነጠፍ የሙቀት ምንጣፍ ተጠቀምን። ሲበቅል ምንጣፉ ይወጣል።

ፔቱኒያ ከቅርብ ሲታይ

ስለ ፔቱኒያ ትንሽ ልቆይ። ለምን 10 ሳምንት እንደሚፈልግ የገባኝ ስናየው ነው።

አንድ ግራም የፔቱኒያ ዘር ውስጥ ወደ 10 ሺህ ፍሬ ይገባል። ከጤፍ በጣም ያንሳል። እማማ ዘሩን በታጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ አፈሰሱት። የጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ በምራቅ ነካ አድርገው፣ አንድ ሁለት ፍሬ አንስተው፣ እርጥቡ አፈር ላይ ነካ። ሌላ አንድ ሁለት፣ ነካ። አፈር አልተመለሰበትም። ውሃውን ከላይ ማፍሰስ አይቻልም፣ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ትሪው ውስጥ ውሃ አድርገን አፈሩ ከስር እንዲጠጣ ተውነው። ከላይ ግልጹን የእንጀራ ላስቲክ አለበስነው፣ እርጥበቱን ይይዛል። መብራቱ ከመጀመሪያው ቀን በራ።

ሳምንት ካለፈ በኋላ አረንጓዴ ነጥብ ታየ። ነጥብ ስል እውነቴን ነው፣ ሁለቱ ቅጠሎች የመርፌ አናት አያክሉም። ላስቲኩ ያን ቀን ተነሳ፣ ትንሽ ቬንቲሌተር ራቅ ብሎ በቀስታ አየሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ከዚያ ለሳምንታት ምንም የሚሆን አይመስልም። እማማ በየቀኑ ወርደው ያዩና «ይሄ ነገር ሰው አይሆንም» ይሉኝ ነበር። ማርች መጨረሻ ላይ ግን ሦስተኛውና አራተኛው ቅጠል መጣ፣ ያኔ አንድ በአንድ ወደ የራሳቸው ኩባያ ተዛወሩ። በቅጠላቸው እንጂ በግንዳቸው አይያዙም። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያወጣል፣ ግንድ ከተቀጨ አለቀ። ማዳበሪያው ከታዘዘው ሩብ ያህሉ ተበጥብጦ ከዚህ በኋላ ተሰጠ። ኤፕሪል ላይ ስድስት ሰባት ቅጠል ሲደርሱ ጫፋቸው ተቆነጠጠ፣ ከጎን ቅርንጫፍ እንዲያወጡ። ሜይ ሲገባ ሱቅ ከሚሸጠው የማይለዩ ነበሩ።

ዚኒያ ይህን ሁሉ አይፈልግም። ዘሩ ትልቅ ነው፣ በአራት አምስት ቀን ይወጣል፣ በወሩ ለመትከል ይደርሳል። ጃንዋሪ ላይ ሁለቱን እኩል ማስጀመር ልክ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ሜይ ላይ የሆነው

ችግኞቹን ከውጭው አየር ጋር ማለማመዱ ሜይ 8 አካባቢ ተጀመረ። ፓንዚውና ስናፕድራገኑ ቀድመው ወጥተው ነበር። የቀሩት በመጀመሪያው ቀን አንድ ሁለት ሰዓት ጥላ ውስጥ፣ በማግስቱ ትንሽ ጨምሮ፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ፣ ከዚያ የቀትር። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ይወስዳል። ቤት ውስጥ የከረመ ቅጠል የውጭ ፀሐይን አያውቅም። ንፋሱንም አያውቅም። እማማ ቤት ስለሚውሉ ይህን ማድረግ ችለዋል። ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውል ሰው ደመናማ ቀን መርጦ ቢያወጣ፣ ወይም በሰሜን በኩል ያለ የቤት ጥላ ስር ቢያስቀምጥ ይሻለዋል።

ልደታ ካለፈች በኋላ አንድ ማታ ትንበያው 33 ፋራናይት አለ። ውርጭ መሬት ላይ የሚተኛው ቴርሞሜትሩ ውሃ የሚረጋበት 32 (0 ሴልሺየስ) ሳይደርስም ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ንፋስ ከሌለ። ፓንዚውንና ስናፕድራገኑን በአሮጌ አንሶላ ሸፈንናቸው። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ ብርዱን ያሳልፋል፣ ጨርቅ ይሻላል። ጠዋት ሁለቱም ደህና ነበሩ። ፔቱኒያና ሜሪጎልድ ያን ቀን ቤት ገብተው አደሩ። የተተከሉት ሜይ 20 ካለፈ በኋላ ነው። ዚኒያና ኮስሞስ ጥቂት ቀን ተጨማሪ ጠበቁ፣ ሌሊቱ ከ50 ፋራናይት በታች መውረዱን እስኪያቆም ድረስ። እነዚህ ሁለቱ ውርጭ ባይነካቸው እንኳ ቀዝቃዛ አፈር ላይ ቆመው ይቀራሉ።

በዚያ ዓመት የእማማ ደጃፍ ላይ ፓንዚ ሜይ ውስጥ አብቦ ነበር። ፔቱኒያው ጁን ላይ ተከተለ። ስናፕድራገኑ ከሁሉም አስደሰታቸው፣ ከቆረጡት በኋላ እንደገና እየወጣ እስከ ኦክቶበር ቆየ።

የዚኒያውን ነገር ሆን ብለን ፈተንነው። ግማሹ ዘር ኤፕሪል 17 ቤት ውስጥ፣ ግማሹ ሜይ መጨረሻ ላይ በቀጥታ መሬት ላይ። ቤት ውስጥ የጀመረው ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ አበበ። ኦገስት ላይ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። እማማ ለሁለት ሳምንት ብለው ከእንግዲህ ቤዝመንቱን በዚኒያ እንደማያጣብቡ ነገሩኝ። እስማማለሁ። መደርደሪያ ውስን ከሆነ፣ መብራቱ የሚገባው ለፔቱኒያ፣ ለስናፕድራገንና ለፓንዚ ነው። እነሱ ቤት ውስጥ ካልተጀመሩ በሚኒሶታ ሰመር ውስጥ ቀድመው አይደርሱም። ዚኒያ፣ ኮስሞስ፣ ናስተርሺየምና የሱፍ አበባ መሬት ላይ ይጣሉ። ሜሪጎልድ መሀል ላይ ነው፣ ቦታ ካለ ቤት ውስጥ፣ ከሌለ ውጭ። ጄራኒየምን ከዘር ለመጀመር የሚያስብ ሰው ካለ፣ ከ12 ሳምንት በላይ ይፈልጋል። እኔ ችግኙን ከሱቅ ብገዛ እመርጣለሁ።

የእንቁጣጣሹ ቢጫ

መጀመሪያ እማማ ያሰቡት አደይ አበባ ከአገር ቤት ለማስመጣት ነበር። ዘር ወደ አሜሪካ ማስገባት ግን ፈቃድ ወይም ከአገር ቤት የተሰጠ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ሻንጣ ውስጥ ከትቶ መምጣት አይቻልም፣ እኔም አልመክርም። ዝምድናው ግን እዚህም አለ። አደይ አበባ ከቢደንስ ወገን ናት። ከዚሁ ወገን መነሻዋ ሜክሲኮና የአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የሆነች፣ ቢጫ፣ ቅጠሏ የተሰነጣጠቀ ተክል በየአበባ መሸጫው ቢደንስ ተብላ ትሸጣለች። ዘሯም ይገኛል። 8 ሳምንት ይበቃታል፣ ማርች 20 አካባቢ ተዘርታ ሜይ መጨረሻ ትተከላለች። ቅጠሏን ሲያዩ እማማ ብዙ አልተናገሩም። «የሷ እህት ናት» ብቻ አሉ።

ከሷ ጋር ቢጫውን ኮስሞስ ዘራን። እሱም ለአደይ የሩቅ ዘመድ ነው። ለእንቁጣጣሽ ሲባል ቤት ውስጥ መጀመር የለበትም። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ነው። ከሰመር በኋላ የሚመጣው የመንታ ከተሞቹ የመጀመሪያ ውርጭ ብዙ ጊዜ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ባለው ጊዜ ይመጣል፣ ስለዚህ ለበዓሉ ጊዜ ሞልቷል። አስቸጋሪው ነገር ቀድሞ ያበበው እስከዚያ እንዳይደክም ነው። ስለዚህ ግማሹን ሜይ መጨረሻ፣ ግማሹን ጁን አጋማሽ ላይ በተንነው። ሁለተኛው ዙር ኦገስት ላይ ማበብ ጀምሮ ለበዓሉ በሙሉ ኃይሉ ላይ ነበር። ልጆቹ የያዙት ያን ነው፣ ከቢደንሱና ከሜሪጎልዱ ጋር ታስሮ።

ሌላ ከተማ ላለ ሰው

ከዚህ ጉዳይ ቀኖቹን እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ የሳምንቱ ብዛት ግን የትም አይለወጥም። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ውርጩ ኤፕሪል ውስጥ ስለሚወጣ ሁሉም ነገር አንድ ወር ገደማ ይቀድማል። እዚያ ፔቱኒያ ፌብሩዋሪ መግቢያ ላይ ይዘራል። ካናዳ ካልጋሪ ያለ ሰው ደግሞ ውርጩ ሜይ መጨረሻ አካባቢ ድረስ ስለሚጠብቀው ሁሉንም አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ያዘግየው። ሌሊቱም እዚያ ሰመሩን ሙሉ ቀዝቀዝ ስለሚል፣ ዚኒያን ቤት ውስጥ 4 ሳምንት ማስቀደም ለሴንት ፖል ባያስፈልግም ለካልጋሪ ያዋጣል።